ግቢ ስንገባ

የዛሬው ወሬያችን ስለ ቤተ መንግሥት ነው። አይዟችሁ፣ ስለ ሥልጣን ሽኩቻ አናወራም፤ ስለ ጉብኝት ነው። መሪዎች የሚኖሩበትን ቤት፣ አትክልቱንና አንበሳውን ቲኬት ቆርጦ ስለማየት። ትንሽ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ስለቀሩት ሰዎች።

እኛ የቦረና ልጆች ነን። የወሎው ቦረና፣ መካነ ሰላም። (ይህችን ማብራሪያ ሁልጊዜ መጨመር ግድ ሆኖብናል፤ «ቦረና» ባልን ቁጥር ሰው ሁሉ ሞያሌና ግመል ነው ትዝ የሚለው።) ለትምህርት አዲስ አበባ መጥተን፣ በዚያው ሥራ ፍለጋ ቀረን። በእኛ ዕድሜ «ግቢ» ማለት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ግቢ ገባች» ከተባለ ልጅቷ ፈተናዋን አልፋለች ማለት ነው። ለአያቶቻችን ግን ግቢ አንድ ነበር፣ እሱም የንጉሡ ነው። ይህ የቃል መመሳሰል እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

ትልቁን ግቢ፣ ማለትም አፄ ምኒልክ የቆረቆሩትን ቤተ መንግሥት፣ ለረጅም ጊዜ የምናውቀው በታክሲ መስኮት ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ካሳንቺስ ሲወረድ አጥሩ ይታያል፣ ዛፎቹ ይታያሉ፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ይታያል። ሌላ ምንም። በዚያ አጥር ሥር ቆሞ ጓደኛ መጠበቅ፣ ካሜራ ማውጣት፣ የጫማ ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር እንኳ የሚሞከር አልነበረም። መስከረም 2012 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ከዚሁ ግቢ ከፊሉ «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት እውነትም ጉድ ነው ያልነው። 40 ሄክታር በሚሆነው በዚያ ግቢ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ እንዳለ ሆኖ፣ ሕዝቡ ልጆቹን አስከትሎ እንቁላል ቤትን፣ ዙፋን ቤቱንና የግብር አዳራሹን ይዞር ጀመር። የክልሎች እልፍኞች ተሠሩ፣ ባለ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ በመስታወት ማዶ ተቀመጠ።

ክርክሩም ወዲያው ተነሳ። «ሕዝብ ዳቦ አጥቶ ምን ፓርክ ያስፈልጋል?» ያለ ብዙ ነው። እኛ ከዚህ ወገን አይደለንም። ቤተ መንግሥቱ ተዘግቶ በኖረበት ዘመን ሁሉ ዳቦው አልበዛም፤ ተዘግቶ ከሚራብ ተከፍቶ ቢራብ ይሻላል ባንልም፣ የተከፈተ በር ግን ከተዘጋ ይሻላል። በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው። ፈረንሳዮች የፕሬዚዳንታቸውን መኖሪያ ኤሊዜን በዓመት አንዴ በቅርስ ቀናቸው ይከፍቱታል፤ ሰዉም ሰዓታት ተሰልፎ ይገባል። ሜክሲኮ ውስጥ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሎፔስ ኦብራዶር፣ በቻፑልቴፔክ ጫካ መካከል ባለው በሎስ ፒኖስ አልኖርም ብለው፣ መኖሪያውን ከነአትክልቱ በተሾሙበት ዕለት ለሕዝብ አስከፈቱት። መግቢያውም በነጻ ሆነ። የእኛው ሲከፈት 200 ብር ነበር፤ ለ«ቪአይፒ» ደግሞ 1,000 ብር። (በቤተ መንግሥት ውስጥ «ቪአይፒ» መባል ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን እንከራከራለን። ከምኒልክ በላይ ነው ወይስ በታች?)

በ2012 ጥር ላይ የአንዳችን አጎት ለዓይን ሕክምና ከመካነ ሰላም መጥተው ነበር። ሕክምናቸው አልቆ ወደ አገር ከመመለሳቸው በፊት «ግቢን እናሳያቸው» ተባባልንና ይዘናቸው ሄድን። የመግቢያውን ዋጋ ስንነግራቸው «የዶሮ ዋጋ ነው እኮ!» አሉ። ቢሆንም ገቡ፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ በጥንቃቄ አዩ። የግብር አዳራሹ ውስጥ ግን ቆሙ። ሺህዎች በተራ በተራ ገብተው የሚበሉበት አዳራሽ መሆኑን ነገርናቸው።

«ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው ከየት ይመጣ ነበር?» ሲሉ ጠየቁን።

«ግብር ነዋ፣ አጎቴ» አለች የእህታቸው ልጅ።

«እኮ! የእኛ ግብር ነዋ!» ብለው ሳቁ።

እኛ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምረን ያላሰብነውን እሳቸው በአንድ ቃል አሉት። በአማርኛ ገበሬው ለቤተ መንግሥት የሚከፍለውም ግብር ነው፣ ቤተ መንግሥት ለሰው የሚያበላውም ግብር ነው። አንዱ ከሌላው ወጥቷልና ሌላ ስም አላስፈለገውም። ከአዳራሹ ወጥተን ወደ አንበሳው ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ድሮ አቤት የሚባለው በየትኛው በር ነበር?» አሉ። እርስ በርስ ተያየን።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ዕዳ ነው።

አቤት የማለት ልማድ በአገራችን ቀላል ነገር አልነበረም። ንጉሥ በዙፋን ችሎት ተቀምጦ የድሃውን አቤቱታ ይሰማል፤ የተበደለ ሰው የጃንሆይ መኪና ሲያልፍ መንገድ ላይ ተደፍቶ ወረቀቱን ከፍ ያደርጋል። ፍትሕ ተገኘም አልተገኘም፣ ገበሬው ስለ ግቢ የነበረው እምነት አንድ ነው፦ ዳኛው ቢበድለኝ፣ ምስለኔው ቢነጥቀኝ፣ እዚያ ብደርስ እሰማለሁ። ችግሩ እዚያ መድረሱ ላይ ነው።

ወሎ ወደዚያ ግቢ ለመድረስ ከአንዴም ሁለቴ ሞክሯል። የመጀመሪያው በጦር ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ግቢውን ጥቂት ዓመት ይዞት ነበር፤ ዘውድ ግን አልጫነም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ አባቱ የወሎን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ተነሱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በንጉሥና በንጉሥ መካከል የሆነ ስለሆነ መጽሐፍ አያጣም።

ሁለተኛው ጉዞ ግን ያለ ጦርና ያለ ንጉሥ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ነበር። ክፋቱ በምሥራቁ በኩል፣ በየጁ፣ በራያና በአፋር ቆላ የበረታ ነው። ጠቅላይ ግዛቱ በስም በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሥር ነው፤ መንግሥቱ ግን ችግር የለም ይላል፤ ግብርም አልቀረም። ያኔ 1,500 ያህል የወሎ ገበሬዎች ችግራቸውን ሊያሰሙ ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። ምን እንደያዙ ልብ በሉ፤ ጠመንጃ አይደለም፣ መፈክርም አይደለም፣ አቤት የሚል አፍ ብቻ። ፖሊስ አግዶ መለሳቸው። ከተማዋን አልረገጡም፤ ግቢው በር ላይ ቆመው «ጃንሆይ!» አላሉም። ታሪክ የሚያውቃቸው በቁጥር ብቻ ነው።

ሰዎቹ ባይገቡም ነገሩ ገባ። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው ለተማሪው አሳዩ። አሁን «ግቢ» ወደሚለው ቃላችን እንመለስ። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ነው። ጃንሆይ ራሳቸው የኖሩበት ቤት! ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ፣ ባለሥልጣናት በአረንጓዴው ሳሎን ከተገደሉበት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ መኝታ ቤታቸውንና መታጠቢያ ቤታቸውን ማየት ትችላላችሁ፤ በአገራችን ከሁሉ ቀድሞ ለተማሪ የተከፈተ የመሪ ቤት እሱ ነው። እንግዲህ ፖሊስ ከመንገድ የመለሰውን የወሎን ርሃብ በፎቶግራፍ ያስገባው ንጉሡ በስጦታ የለቀቁት የራሳቸው ግቢ ነው። «ግቢ ገባን» ስንል ኩራት የሚሰማን ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ሰማ። በኅዳር ጃንሆይ ወሎን ሄደው አዩ። በርሃቡ ያለቀው ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግምቶቹ ከ40 ሺህ ተነስተው እስከ 200 ሺህ ይደርሳሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በእንቁጣጣሽ 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳይ ምስል ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

ወሎ በመጨረሻ ግቢ የገባው እንዲህ ነው፤ በቴሌቪዥን። ደርግ ለወሎ አዝኖ ነው ብለን አናሞኛችሁም። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ በ1977 መባቻ፣ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በሐውልት ስታጌጥ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ያኔ በምኒልክ ግቢ የተቀመጡት ሰው ተቀይረዋል፤ አጥሩ ግን አልተቀየረም።

ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በኋላ ስሙ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ሆኖ ነበር። በቅርቡ በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ በታኅሣሥ 2017 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮንም መጥተው አይተውታል። ደስ ይላል፤ የምር ደስ ይላል። ዕቃው ይታይ፣ መኪናው ይታይ፣ ከየአገሩ የመጣው ስጦታ ይታይ። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ በዚያ ቤት ታሪክ ውስጥ እነዚያ 1,500 ሰዎች ቦታ ይኑራቸው። የቤቱ ባለቤት ከቤቱ የወጡበት አንዱ ምክንያት እነሱ ናቸዋ! ንጉሡ የበሉበትን ሳህን አሳይቶ የተመለሱትን ገበሬዎች አለማንሳት፣ ሰርግ ተነግሮ ሙሽራውን እንደ መርሳት ነው።

«የቤተ መንግሥት ጉብኝት የሚያሳዝን ነገር አይፈልግም» የሚል ካለ፣ አንድነት ፓርክን ይመልከት። ከዙፋን ቤቱ ሥር ያለው፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያጎረበት ምድር ቤት ለጎብኚ ተከፍቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት 60 ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ይህን ማሳየት ድፍረት ነው፤ አክብረነዋል። ግን ልብ በሉ፤ ምድር ቤቱም ቢሆን የትልልቅ ሰዎች ስቃይ ነው። ከግቢ ውስጥ ወደ ግቢ ሥር የወረዱ ሰዎች። ከግቢ ውጭ ለቀረው ደግሞ ማን ክፍል ይሥራለት?

አሁን ወደ አገራችን እንውጣ። ምክንያቱም እኛም ቤተ መንግሥት አለን፤ ሊያውም ፓርክም አለን።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ገደል ለገደል፣ መቅደላ አምባ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውን፣ መጻሕፍታቸውን፣ እስረኞቻቸውንና ቤተሰባቸውን ያኖሩበት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡበት። የእንግሊዝ ጦር ቤቶቹን አቃጥሎ፣ ዕቃውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አውርዶ ተጫረተው። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ለንደን ናቸው፤ 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ማንም በማያያቸው ክፍል ተቀምጠዋል። ጋፋት ላይ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ግን ከብዷቸው ቀረ፤ ዛሬም አምባው ላይ ነው። ጠባቂው ክብደቱ ነው!

የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ። በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ዊንዘር የእንግሊዝ ነገሥታት መኖሪያ ነው፤ በሰፊ መስክና ዛፍ የተከበበ፣ በየዓመቱ ጎብኚ በቲኬት የሚጎርፍበት። እኛ መቅደላ መድረስ ሲያቅተን የመቅደላው ልጅ ለጎብኚ ክፍት በሆነ የሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተኝቷል። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ በ2015 ዓ.ም. ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ፤ የሌሎችን ማረፊያ እንረብሻለን በሚል። እሺ፣ የእሱን ማረፊያ ማን ረበሸ?

መቅደላ መድረስ ያቅታል ያልነው እንዲሁ ለወሬ አይደለም። አስፋልት አምባው ሥር አይወስድም፤ በእግርና በበቅሎ ነው የሚወጣው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ እንኳን ጎብኚን፣ እናቱን ሊጠይቅ የሚሄደውንም ልጅ ሁለቴ አሳስቦታል። ያም ሆኖ በስሙ አላፈርንም። መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን ስሙ መቅደላ አምባ ነው። እነሆ ደግሞ! የንጉሡ አምባ ስሙን ለተማሪ ግቢ ሰጠ፤ ልክ እንደ ገነተ ልዑል።

ፓርኩ ደግሞ ደንቆሮ ጫካ ነው። ስሙ እንደሚያስቅ እናውቃለን፤ ሳቁና ጨርሱ። ዛሬ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ነብርና ድኩላ አለ፣ ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። መስታወት የለውም፣ «ቪአይፒ»ም የለውም። በአዲስ አበባ፣ በየካ ኮረብቶች ላይ የተጀመረው ግዙፍ የቤተ መንግሥት ግንባታ በሕዝብ አፍ «ጫካ ፕሮጀክት» ሲባል በሰማን ጊዜ፣ ከእኛ አንዷ «እኛ እኮ ጫካው ድሮም አለን፤ የጎደለን ፕሮጀክቱ ነው» ብላ አሳቀችን። ቀልድ ይምሰል እንጂ ሒሳቡ እውነት ነው። ለመዲናዋ መናፈሻ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ መቅደላ በሚወስድ መንገድ ላይና በደንቆሮ ጠባቂዎች ደመወዝ ላይ ቢውል፣ የመሪን ቤት ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ወሎም ይመጣ ነበር። ሰላሙ ሲመለስ ማለታችን ነው፤ ያለ ሰላም መንገድም አያስኬድ።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ የምንለምነው ብዙ አይደለም። በብሔራዊ ቤተ መንግሥት አንድ ግድግዳ። ያ የ1965 ጉዞ በአጭሩ ይጻፍበት፤ ከየት ተነሱ፣ ለምን መጡ፣ ማን መለሳቸው። አጠገቡ እነዚያ የመምህራኑ ፎቶግራፎች ከተገኙ ይሰቀሉ። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ደግሞ፣ ፊልሙ በታየበት ዕለት፣ መግቢያው ለገጠር ሰው በነጻ ይሁን። መታወቂያው ላይ ቀበሌው ወሎ ይሁን ባሌ፣ ጋምቤላ ይሁን ሐረርጌ፣ አንድ ቀን ዶሮ ሳይሸጥ ይግባ።

ለግድግዳው ጽሑፍ ረቂቅ የሚያስፈልግ ከሆነ በነጻ እናዘጋጃለን። ጋዜጠኝነት የተማርነው ለምን ሆነና! ቸር ሰንብቱ።